ሁለት ግራ እጆች ለአንድ ዲናር

አዛዣችን በራይን ወንዝ ዳር ራሱን ቄሳር ካደረገ ገና ወር አልሞላውም፤ ሠራዊቱ ግን ብሩን ቀድሞ ጠይቋል። በቅሎም ያለ ገብስ አትሄድም። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ ዲናር የሚታተምበት ምድጃ ተተከለ። እኔ መዶሻ መቺ ነኝ፤ የማተሚያውን ብረት የሚቀርጸው ደግሞ ፊሎን የሚባል ግሪክ ነው።

የታዘዘው ቀላል ነበር፤ በአንድ ወገን የጦር አምላክ ማርስ ከነራስ ቁሩ፣ በሌላው የክፍለ ጦራችንን የንስር ዓርማ ይዘው የተጨባበጡ ሁለት ቀኝ እጆች። የጦሩ ታማኝነት ማለት ነው። ፊሎን እጅ የሚቀርጸው ሁልጊዜ የራሱን ግራ እጅ እያየ ነው፤ ብረቱ ላይ ግራ የሆነው ብሩ ላይ ተገልብጦ ቀኝ ይወጣል። አሁን ግን ነገሩ መጨባበጥ ስለሆነ ሁለት ወታደሮች አቁሞ፣ ቀኝ እጃቸውን አስጨብጦ፣ ያየውን እንዳለ ቀረጸው። ሰው የሚያበላሸው አሳምራለሁ ሲል ነው።

መቶ አለቃ ሩቲሎስ የመጀመሪያውን ዲናር አገላብጦ አየና ጭቃ ላይ ወረወረው።

«ይሄ የሚማማሉ ሰዎች እጅ ነው ወይስ የሚካካዱ? ግራ እኮ ነው!»

ሰፈሩ ታመሰ፤ ብሩን የነካ ወታደር የለም። አዛዡም ፊሎንን አስጠርቶ፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀኝ ካልወጣ የአንተ ቀኝ ይቆረጣል» አለው።

መድኃኒቱ ግልጽ ነበር፤ ሁለት ሰዎች በግራ ይጨባበጡና እሱን ይቅረጽ። ግን በግራ የተጨባበጠ ቃሉን ያፈርሳል ይባላል። ሊዘምቱ ሲሉ ማን ይደፍራል?

«ባሶስ፣ ወንድሜ፣ አንድ አፍታ ብቻ» አለው ፊሎን ከወታደሮቹ አንዱን።

«ተወኝ እባክህ፣ እናቴ ገና በሕይወት አለች! ሌላ ሞኝ ፈልግ!» ብሎ ባሶስ እግሬ አውጪኝ አለ።

እኔ ለማንም አልማልኩም፤ ግራ እጄን ዘረጋሁ። ሁለተኛ እጅ ግን ጠፋ። ፊሎን ቀኝ መዳፉን ደጋግሞ ያያል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሩቲሎስ ገባ፣ የድንኳኑን መጋረጃ ዘጋና ግራ እጁን ሰጠኝ።

«እርስዎ? ሰዉን ሁሉ ያስነሱት እርስዎ አይደሉ?» አልኩት።

«አፍህን ዝጋና ያዝ። ለድሮው ቄሳር በጥር ምያለሁ፤ በቀኝ እጄ፣ ንስሩ ፊት። ይኸው አፈረስኩት። ግራዬ ከዚህ የባሰ ምን ያመጣል?»

ፊሎን አንገቱን ደፍቶ ይቀርጻል።

«ወንድሜ ከድሮው ቄሳር ጋር ነው» አለ ሩቲሎስ ድንገት። «እሱ መሐላውን አላፈረሰም።»



«አለቀ፣ ልቀቁ» አለ ፊሎን። እኔ ለቀቅኩ፤ ሩቲሎስ ግን እጄን እንደያዘ ቀረ።

«መቶ አለቃ፣ እጄን ይልቀቁኝ፤ ብሩን የምመታው እኮ እኔ ነኝ» አልኩት ቀስ ብዬ።

ስመታው ቀኝ ወጣ። የፊሎን እጅ ተረፈ፤ ሠራዊቱም ብሩን እየሳመ ተቀበለ። በማግስቱ ሩቲሎስ መቶ ወታደሮቹን አሰልፎ ወንድሙን ሊወጋ ዘመተ።