ምስጥ የበላው ማገር

ኪትዌ በምትባለው የመዳብ ከተማ ውስጥ ከማዕድኑ ሥራ በጡረታ የወጣ ሰው ጓሮው ላይ ትንሽ ቤት ሠርቶ ያከራያል። ባ ካሶንዴም እንደዚያው ነበሩ። "ባ" የምንለው ስናከብር ነው፤ እሳቸው ደግሞ የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ጡረታው ስለማይበቃ የሚያበላቸው የዚያች ጓሮ ቤት ኪራይ ነው። አንዲት አስተማሪ ትኖርባታለች።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ባ ካሶንዴ ወንበር ላይ ቆመው በኮርኒሱ ቀዳዳ እጃቸውን ሰደዱ። በጥጉ በኩል ያለው ማገር እንደ ደረቅ ዳቦ እጃቸው ላይ ተፈረፈረ። ምስጥ ጨርሶታል። እጃቸውን አራግፈው ወረዱ።

ቤቱ ኢንሹራንስ አለው። ወኪሉ ውሉን ሲያስፈርማቸው በደንብ አድርጎ ነግሯቸዋል። ጥገና ሲኖር ለሠራተኞቹ ዋስትና የገባ ተቋራጭ ይጥሩ፤ ያንን ካላገኙ ሰውየው ጣሪያ ሳይወጣ ለእኔ ይደውሉና ስሙን ኢንሹራንሱ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ያለዚያ ሰው ቢጎዳ ዕዳው የእርስዎ ነው ብሏቸዋል። እሳቸውም እሺ ብለው ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ ግን የጠሩት ሻዋን ነው።

ሻዋ ጎበዝ ጣሪያ ሠሪ ነው። ደግሞም በጎሳው ንጎኒ ነው፤ ባ ካሶንዴ ቤምባ። አያቶቻቸው ተዋግተዋል፤ ልጆቹ ከዚያ ወዲህ የቀልድ ዘመዶች ሆኑ። የቀልድ ዘመድህ አይጥ በላ፣ ዝንጀሮ በላ፣ ያሻውን ቢልህ መቀየም የለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን ይሰድባል፣ አንተም እንባህ ሳይደርቅ ትስቃለህ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ቁም ነገር ማውራት እንደ ጠብ ይቆጠራል። እንግዲህ ሻዋን ዋስትና አለህ ወይ፣ ስምህን ለኢንሹራንስ ላስመዝግብ ወይ ብሎ መጠየቅ እንዴት ይሆናል? ባ ካሶንዴ እንደ ልማዳቸው ጠየቁት።

"አንተ አይጥ በላ፣ ብትወድቅ ማን ሊቀብርህ ነው?"

"የወደቅሁበት መሬት የእኔ ይሆናል። አያቶቼስ አገራችሁን የያዙት እንዴት መሰለህ? ይልቅ አንተ ዝንጀሮህን ቀቅል፣ ስወርድ እራት እንዳላጣ።"

ውላቸው ይኸው ነበር። ሻዋ መሰላሉን አቆመ።

ቆርቆሮው ላይ ከወጣ በኋላ ባ ካሶንዴ ማገሩ ትዝ አላቸው። ሊነግሩት ፈለጉ፤ ይኼን አልክድባቸውም። ግን ለሻዋ ሲሆን አፋቸው የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው።

"ወደዚያ ጥግ እንዳትሄድ! የእኔ ምስጦች የሚበሉት ንጎኒ ነው።"

"እነሱም እንዳንተ ርቧቸዋል በለኛ" አለና ሻዋ፣ እየሳቀ ሆን ብሎ ወደዚያው ጥግ ተራመደ።

ማገሩ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ቆርቆሮው ታጥፎ ሰውየውን ዋጠው። ባ ካሶንዴ ሲገቡ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሞ አገኙት፤ ዳሌው ተሰብሯል።

ኢንሹራንሱ ሰውየው ስላልተመዘገበ አይመለከተኝም አለ። ቀጥሎ የሠራተኞች ካሳ የሚያይ ሹም ሐኪም ቤት ድረስ መጣ። ሊያውቅ የፈለገው ቀጣሪው ማን እንደሆነ ነው፤ ቀጣሪ ካለ ማሳከሙም፣ ሰውየው ቆሞ እስኪሠራ ቤተሰቡን ማኖሩም የእሱ ዕዳ ነው። ባ ካሶንዴ አልጋው ራስጌ ቆመው ይሰማሉ። ያቺ የጓሮ ቤት ከሄደች ምን እንደሚበሉ አያውቁም። የሻዋ ሚስት ቲያሚኬ በግርጌ በኩል ተቀምጣ የባሏን እግር ይዛለች።

ሻዋ ከሁሉም ቀድሞ መለሰ።

"ማንም አልቀጠረኝም። የወጣሁት የዚህን ሽማግሌ ቆርቆሮ ልሰርቅ ነው። ቤምባ ቀን ቀን ይተኛል ብለውኝ ነበር፣ ዋሹኝ።"

በየአልጋው ያለው በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። ሹሙም ሳቀ። ጣሪያው አደገኛ መሆኑን ነግረውህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው።

"ነግሮኛል። ምስጥ ይበላሃል ብሎኛል። ቤምባ እውነት ሲናገር ሰምቼ አላውቅ፣ በምን ልወቅ?"

ባ ካሶንዴም አብረው ሳቁ። ሳቁና ዓይናቸው ቲያሚኬ ላይ አረፈ። እሷ አልሳቀችም። ቀና ብላም አላየቻቸው፤ የባሏን እግር እንደያዘች ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንደር ውስጥ የሚያገኛቸው ሁሉ ያጽናናቸው ጀመር። ነግረውት ነበር እኮ፣ እሱ ነው ያልሰማው ይላቸዋል። አዎ ነግሬዋለሁ ይላሉ። አንድ ሰው እንኳ ቢወቅሳቸው ደግ ነበር። ቤት ገብተው ንሺማቸውን፣ ያንን የበቆሎ ገንፎ፣ በእጃቸው ሲጠቀልሉ ጣታቸው ላይ የሚሰማቸው ያ የተፈረፈረ እንጨት ነው። እንዳያምነኝ አድርጌ ነገርኩት እንጂ መቼ ነገርኩት ይላሉ ለራሳቸው። እሱ ደግሞ ተሰብሮ ተኝቶ፣ በቀልዱ ሸፈነኝ።

ወደ ሐኪም ቤት ተመለሱ። በርጩማውን ስበው ተቀመጡ። ሻዋ ገና ሲያያቸው ጀመረ፤ ነፍሴን ልትበላ መጣህ ወይ፣ ጅራትህን የት ጥለህ መጣህ ወይ አላቸው። እሳቸው አልመለሱም። ሌላ ጨመረ።

"ሻዋ፣ ማገሩ መበስበሱን በእጄ ነክቼ አውቅ ነበር" አሉት። "የቀጠርኩህም እኔ ነኝ። ለሹሙ ልነግረው ነው።"

የሻዋ ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

"ተው። እንዲህ አድርገህ ስታናግረኝ የምሞት ይመስለኛል።"

"አትሞትም። ግን እውነቱ ይኼ ነው።"

"እኔ የሸፈንኩትን ማን ግለጥ አለህ?" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቲያሚኬ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው።

ሹሙ ቃላቸውን ሲቀበል እጁን ከወረቀቱ አነሳ። አባባ፣ ይኼ ቃል ምን እንደሚያስከትልብዎ ያውቃሉ ወይ አላቸው። አውቃለሁ አሉ። ስለ ማገሩም፣ ስለ ቀልዱም ምንም ሳያስቀሩ ነገሩት። በዚህ መሠረት ሻዋ ቆሞ እስኪሠራ የጓሮዋ ቤት ኪራይ ለእሱ ቤተሰብ እንዲሆን ተወሰነ። ጣሪያውን ዋስትና ያለው ተቋራጭ መጥቶ ሠራው፤ እሳቸውም ለዚያ ሲሉ ቴሌቪዥናቸውንና ጥሩውን ሶፋ ሸጡ። አሁን የሚበሉት ጓሯቸው ላይ የዘሩትን ጎመንና በቆሎ ነው።

ኪራዩን በየወሩ የሚያደርሱት ራሳቸው ናቸው። ቲያሚኬ ወንበር ታወጣላቸዋለች፣ ለውዝ ታቀርብላቸዋለች። ሻዋ በክራንች ተደግፎ ይወጣል። መጀመሪያ የሄዱ ዕለት መንገዱን ሁሉ አንድ ጥሩ ስድብ ሲያሰናዱ ነበር የደረሱት፤ እሱ ከጀመረ ይመልሱለታል።

ሻዋ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለ፤ ለባዕድ ሽማግሌ እንደሚደረገው እጆቹን ቀስ አድርጎ አጨበጨበ።

"እንደምን ዋሉ፣ ባ ካሶንዴ? ጤናዎ እንዴት ነው?"

"ደኅና ነኝ" አሉ ባ ካሶንዴ። ለውዙን መፈልፈል ያዙ።