የአናሱያ ስም ትርጉም

ኬረር ነኝ፤ የአረጋውያን ተንከባካቢ። አሮጊቷን ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ደሞዝ የሚከፈለኝ ሥራዬ ነው። ቂሜን የምወጣው ግን በነፃ ነው።

ዌምብሊ ካለው ቤቷ ስመደብ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ አየችኝ፤ አላወቀችኝም። እኔ ግን ገና ድምፅዋን ስሰማ አወቅኋት። አናሱያ፣ የድሮ አከራዬ! ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰድጄ ለንደን ስገባ፣ ፊንስበሪ ፓርክ አንዲት ጠባብ ክፍል ያከራየችኝ እሷ ነበረች። በዕድሜ እናቴን ታክላለችና አንቱ ልላት ይገባ ነበር። አላልኳትም።

እኛ ሐበሾች ስም ሰምተን ትርጉሙን ሳንጠይቅ አናልፍም። የገባሁ ዕለት ጠየቅኋት። ደስ ብሏት ሻይ አፈላችልኝ። «ሳንስክሪት ነው፣ የጥንት የሕንድ አገሬ ቋንቋ፤ ቅናትና ክፋት የሌለባት ማለት ነው» አለችኝ። በዚህ ስም የምትጠራ የአንድ ቅዱስ ሰው ሚስት ነበረች አሉ። ከባሏ ጋር ወደ ጫካ የተሰደደች ልዕልት ደጇ ስትደርስ፣ እጇን ይዛ አስገብታ የማያረጅ ልብስና ጌጥ አለበሰቻት። «እናቴ እንደሷ እንድሆን ብላ ነው ያወጣችልኝ» አለች። ስምን መልአክ ያወጣዋል ብዬ አመንኩ፤ እኔ ሞኟ።

ከአራት ወር በኋላ ሆዴ ገፋ። «ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው» አለችና ልብሴን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል አጭቃ ዝናብ ላይ ጣለችው። እኔንም አስከተለችኝ። እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ በሩን ዘጋችብኝ። ልጄ ብፅዓት በዚያው ሳምንት ያለ ወሯ ተወለደች። ይኸው አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ደረጃ ስትወጣ ዛሬም ትንፋሽ ያጥራታል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ? አናሱያማ በሐኪም ማስረጃ ረስታለች። ልጆቿን፣ የባሏን ሞት፣ እኔን። በየማለዳው ፀጉሯን ሳበጥር ትጠይቀኛለች።

«ስሜ ማነው?»

«አናሱያ።»

«ምን ማለት ነው?»

የመጀመሪያው ቀን እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት።

«ነፍሰ ጡር ዝናብ ላይ የምትጥል ማለት ነው።»

ፊቷ ጨለመ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ፤ የዚያን ዕለት ምሳዬ ጣፈጠኝ። በማግስቱ ረስታ ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላለፍኳትም።

ባለፈው ማክሰኞ ነርስ መጥታ የማስታወስ ችሎታዋን ቼክ አደረገች። ቀኑን ጠየቀቻት፤ አላወቀችም። የልጆቿንም ስም አላወቀችም።

«የእርስዎስ ስም?»

«አናሱያ» አለች ፈጥና። «ነፍሰ ጡር ዝናብ ላይ የምትጥል ማለት ነው።»

ነርሷ ቀልድ መስሏት ስቃ፣ ጽፋ ሄደች። አሮጊቷ እጄን ያዘች። «እናቴ ምን አድርጌያት ነው እንዲህ ያለ ስም ያወጣችልኝ?» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አሥራ ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ለቅሶ ይኸው መጣ። ግን ያለቀሰችው በእኔ ላይ ስለሠራችው አይደለም። ልጇን በደግ ስም በሰየመች፣ በማላውቃት እናቷ አዝና ነው። አፈርኩ።

«ዋሽቼሽ ነው» አልኳት። «ቅናትና ክፋት የሌለባት ማለት ነው። ስደተኛዋን ልዕልት ተቀብላ ያለበሰቻት ሴት ስም ነው።»

እንባዋን ጠርጋ ጉንጬን ዳሰሰችኝ።

«አንቺ ደግ ልጅ ነሽ» አለችኝ። «እንዳላዝን ብለሽ ነው የምትዋሺልኝ።»

ዛሬም ጠዋት ነገርኳት። አላመነችኝም።