የውስጡ ጥግ

«ይኸውልሽ» አሉ ወይዘሮዋ በሩን በትከሻቸው ገፋ አድርገው። ክፍሉ እስከ ቆርቆሮው ድረስ በሰሊጥ ጆንያ ተሞልቷል። በጆንያዎቹና በግድግዳው መካከል ሰው በጎኑ ተንሸራቶ የሚያልፍበት ክፍተት ቀርቷል። እመቤት ክፍተቱን አየች፤ ቀጥሎም የሴትዮዋን ፊት አየች። ቀልድ አልነበረበትም።

«የት ላይ ነው የምተኛው?»

«ለጊዜው እዚችው ላይ ነዋ። ዋጋ ሲወጣ እሸጠዋለሁ፤ ያን ጊዜ ክፍሉ እንዳለ ያንች ነው።»

«መቼ ይሸጣል?»

«እሱን ገበያው ይወቀው። ምን ላርግሽ ልጄ፣ ሰሊጥ ደግ ተከራይ ነው። ውሃ አለቀብኝ አይል፣ እንግዳ አያመጣ።»

ከውጭ የቆመው ባየልኝ ሳቀ። ባየልኝ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቤት ለሚፈልግ ሰውም ቤት ያሳያል። ከጠዋት ጀምሮ እመቤትን ይዞ በገንዳ ውሃ ከተማ መንደሮች ሲዞር አርፍዷል። ከማዶ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ድንበሩን ተሻግሮ የመጣው ሰው ብዙ ነው። ባዶ ክፍል ቢገኝ እንኳ ኪራዩ በመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ደመወዝ የሚቀመስ አልሆነም።

እመቤት ከሰላሌ፣ ከፍቼ ከመጣች ሳምንቷ ነው። ክልሉም፣ ሰውም፣ የመጋቢቱ ሙቀትም አዲስ ሆኖባታል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አቶ ይስማው እስከ ዛሬ በመጋዘናቸው ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው አሳድረዋታል፤ ዛሬ ማታ ግን ከጎንደር ዕቃ ይገባል። «ካርቶን ላይ አላስተኛሽ ልጄ» ብለዋታል ትናንት። ማደሪያ ካላገኘች ነገ ጠዋት በሚወጣው አውቶቡስ መሳፈሯ ነው፤ መመለሻዋም የወንድሟ ቤት ነው።

የወንድሟ ቤት ክፉ ቤት አልነበረም። የምትተኛው ሳሎኑ ውስጥ ነበር። ማታ የመጨረሻው እንግዳ እስኪሄድ እያንቀላፋች ትጠብቅና ፍራሿን ትዘረጋለች፤ ጠዋት የወንድሟ ሚስት ሳትነሣ ጠቅልላ ከሶፋው ኋላ ትሸጉጠዋለች። ክፉ ቃል የተናገራት ሰው የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን የእኔ የምትለው ግድግዳ አልነበራትም። የገንዳ ውሃውን ሥራ በስልክ ስትሰማ መጀመሪያ በሐሳቧ የመጣው ደመወዙ አልነበረም፤ ጠዋት የማይነሣ አልጋ ነበር።

«አንዲት ቤት ቀርታኛለች» አለ ባየልኝ ባጃጁን እያስነሣ። «ሴቶች በደባልነት የሚኖሩባት ናት። አንዷ አግብታ ኮኪት ሄደች። ግን መርጠው ነው የሚያስገቡ፤ የእኔንም ምስክርነት አይቀበሉ።»

ግቢው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። መካከሉ ላይ አንድ ሰፊ የኒም ዛፍ ቆሟል፤ ዙሪያውን የተከራይ ክፍሎች በር ለበር ይተያያሉ። ከዛፉ ሥር ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። ታላቂቱ ትርሐስ ከመተማ ጨርቅና ሽቶ እያመጣች ትቸረችራለች። ታናሺቱ ሃይሚ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ናት። የግቢው ባለቤት እትዬ አየሁሽ በራቸው ላይ ሆነው ማሽላ ያበጥራሉ።

«ታንኮራፊያለሽ?» አለች ሃይሚ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«እንጃ፣ የነገረኝ ሰው የለም።»

«እንግዲያው ታንኮራፊያለሽ። የማታንኮራፋ ሴት ትምላለች እንጅ እንጃ አትልም።»

ትርሐስ አልሳቀችም። «ወንድ ይመጣብሻል?» ስትል ጠየቀች።

«ወንድም ነው ያለኝ፤ እሱም ፍቼ ነው።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«አይመጣብኝም።»

እትዬ አየሁሽ ሰፌዳቸውን ሳያቆሙ «ኧረ ትረፍ ልጅቱ! ላብ አጥምቋት የለም እንዴ? መጀመሪያ ውሃ ስጧት» አሉ።

ውሃዋን ጠጥታ ስታበቃ ሁለቱ ክፍሉን አሳዩዋት። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ጠበብ ያለ ነው። አንዱን ጎን የትርሐስ ሸቀጥ ይዞታል። በሌላው ጎን ሦስት አንገረቦች፣ በገመድ የተጠለፉ ቀላል የእንጨት አልጋዎች፣ ወደ በሩ ተጠጋግተው ቆመዋል። ሦስተኛው ያገባችው ልጅ ትታው የሄደችው ነው። ከሁሉ ራቅ ብሎ በውስጠኛው ጥግ የሃይሚ ሳጥን ተቀምጧል። የእመቤት ዓይን እዚያ ላይ አረፈ። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት፣ ሰው የማይረግጠው ቦታ ነው።

«እኔ ያን ጥግ ብይዝስ?»

«የቱን? የውስጡን?» ሃይሚ ትርሐስን አየቻት። «ሳጥኔ የት ሊሄድ?»

«እኔ አልጋ ሥር ይግባ። ወሩን ሙሉ የሦስታችንንም ውሃ እኔ እቀዳለሁ።»

«ወሩን ሙሉ? ለጥግ?»

«ለጥጉ።»

«ያንችው ይሁን እናቴ! ከፈለግሽ ጣሪያውንም እመርቅልሻለሁ።»

እመቤት በሆዷ ደስ አላት። ሳጥኑን ገፍታ አንገረቡን ወደ ጥጉ አስገባች፤ አንሶላዋን አነጠፈች፤ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጥራ ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ሰቀለች። ግድግዳውን በመዳፏ ስትነካው ይፋጃል። የቀትር ነገር ነው፣ ሲመሽ ይበርዳል ብላ አሰበች። ባደገችበት አገር ፀሐይ ስትጠልቅ የማይበርድ ነገር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አቶ ይስማው «አገኘሽ?» አሏት።

«አገኘሁ፣ ጋሼ። የውስጡን ጥግ ይዣለሁ።»

«ጥግ?» ብለው ቀና አሉ። የወባ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ገባና ጨዋታው በዚያው ተቋረጠ።

ፀሐይ ጠልቃ ወደ ግቢው ስትመለስ ተሳስታ የሌላ ሰው ግቢ የገባች መሰላት። የየክፍሉ አልጋ ደጅ ወጥቷል። ከዛፉ ወዲያ ሁለት የትራክተር ሹፌሮች ሸሚዛቸውን አውልቀው ጋደም ብለዋል። ከዛፉ ወዲህ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር አጎበር ይወጥራሉ። እትዬ አየሁሽ በራቸው ፊት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ። ትርሐስ ቁልፍ ይዛ ክፍሉ በር ላይ ቆማለች።

«ነይ፣ አልጋሽን አውጭና ልቆልፍ።»

«ወዴት ነው የማወጣው?»

«ወደ ደጅ ነዋ።»

«እኔ ውስጥ ነው የምተኛው። በጥጉ ተስማምተን የለም እንዴ?»

አጎበር ስታስር የነበረችው ሃይሚ ሳቋ አመለጣት። «አንች! ለመተኛት ኖሯል? እኔ ለልብስሽ መስሎኝ! ጠዋት ተቀቅለሽ እኮ ነው የምናገኝሽ።»

«ግድ የለም፣ እችለዋለሁ።»

«ብትችይውም አይሆንም» አለች ትርሐስ። «ያለኝ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። አንችን ደግሞ ዛሬ ነው ያየሁሽ።»

«ሌባ ነሽ እያልሽኝ ነው?»

«አላልኩም። ሃይሚም ብቻዋን ውስጥ አድራ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። በሩ በአንድ ቁልፍ ይቆለፋል፣ ሁላችንም ደጅ እንተኛለን። የኖርነው እንዲህ ነው።»

እመቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድ ፊት?» አለች።

ዝቅ ማለቱ ግን አልጠቀማትም፤ እትዬ አየሁሽ ሰምተዋል። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ደጅ ስተኛ ነው ያረጀሁት። ማን በላኝ?»

«ማን ደፍሮ!» አለች ሃይሚ። ከዛፉ ወዲያ ሳቅ ተሰማ።

እትዬ አየሁሽም ፈገግ አሉና ቀጠሉ። «ካልሆነልሽ ዛሬን እኔ ጓዳ እደሪ። ነገ ግን መንገድሽን ፈልጊ፤ እነዚህን ልጆች አላጣላም።»

እመቤት ገባችና አንገረቧ ላይ ተቀመጠች። ከነጠላው ወዲህ አየሩ አይንቀሳቀስም። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት በጀርባዋ ላይ ይተፋዋል። ላቧ ከአገጯ ወደ ጉልበቷ ይንጠባጠባል። ሙቀቱን እችለዋለሁ ስትል አልዋሸችም፤ የማትችለው ሌላ ነበር። በወንድሟ ቤት ከሁሉ ኋላ ተኝታ ከሁሉ ቀድማ ነበር የምትነሣው፤ ተኝታ ያያት ሰው አልነበረም። አፏ ተከፍቶ፣ ቀሚሷ ተገልቦ ይሆናል፣ አታውቅም። እዚህ ግን ግቢው ሁሉ ሊያያት ነው።

ነጠላውን ገለጥ አድርጋ በበሩ በኩል ተመለከተች። ሃይሚ ሻሿ ወልቆ፣ አንድ እግሯን ከአልጋዋ አንጠልጥላ ለራሷ ታንጎራጉራለች። ከሹፌሮቹ አንዱ ውሃ ፈልጎ ተነሣ። ከመራመዱ በፊት ጎላ አድርጎ ሳለ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ በሴቶቹ አልጋዎች ዳር አለፈ። ሲመለስም እንዲሁ ሳለ። ጓደኛው ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ተኝቷል። እናቶቹም፣ እትዬ አየሁሽም፣ ሁሉም ፊቱን የሚያዞርበት አቅጣጫ ነበረው።

እመቤት ተነሣችና ነጠላዋን ከሲባጎው አወረደች። አንገረቡን ትጎትተው ጀመር። በሩ ላይ ሲደርስ እግሮቹ ከመቃኑ ጋር ተያያዙ። ወደ ግራ ሞከረች፤ ወደ ቀኝ ሞከረች። ትርሐስ ከደፉ ውጭ ቆማ ታያለች፤ እጇን አልዘረጋችም።

«ያዢልኝ» አለች እመቤት በመጨረሻ።

ትርሐስ ቁልፉን ጉያዋ ውስጥ ከታ የአንገረቡን ጫፍ ያዘች። በጎኑ አዘንብለው አወጡት።

«ወዴት እናድርገው?» አለች እመቤት።

«ነፋሱ ወደሚመጣበት» አለች ትርሐስ።

እመቤት ቀና ብላ ተመለከተች። የኒሙ ቅጠል አይነቃነቅም። ነፋሱ በዚህ አገር ከየት በኩል እንደሚመጣ አታውቅም፤ ትርሐስም አልነገረቻትም። በሩ ከኋላቸው እንደተከፈተ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንገረቡን በመካከላቸው እንደያዙ ቆመው ነፋሱን ጠበቁ።