በስልሳ ሰባት ያልሮጠ ፈረስ

አሳምነው ደብረ ማርቆስ ዘጠኝ ዓመት ታሪክ አስተምሯል። ሚኒሶታ ከገባ ወዲህ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ቫን ነው የሚነዳው፤ ኮሚኒቲው ግን ዛሬም «መምህር» እያለ ይጠራዋል። ለሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት አቀባበል መጽሔት ይውጣ ሲባልም የታሪኩን ገጽ ለእሱ ሰጡት። የመረጠው ርዕስ ኮሚቴውን አሳቀ፤ በጃን ሜዳ በየዓመቱ ይደረግ የነበረው የመሰናክል ዝላይ የፈረስ ውድድር።

የሳቁ ምክንያት ሆርዶፋ ነው። ሆርዶፋ ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚኖር፣ ሴንት ፖል መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ በር ላይ ቲኬት የሚቀበል፣ ወደ ስልሳ ዓመት የሚጠጋው ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምታውን የሚተወው ለአንድ ወሬ ብቻ ነበር። በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ውድድሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሲካሄድ፣ ጉራቻ የሚባል ፈረስ ጋልቦ አንደኛ ወጥቷል። ከመጨረሻው መሰናክል በፊት የግራ እርካቡ ተበጥሶ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ነበር የገባው። ዋንጫው እዚያው ቀረ፤ ፎቶ የለም፤ ያየ ሰውም ሚኒሶታ ውስጥ አልተገኘም።

«ጋሽ ሆርዶፋ፣ ጉራቻ ዛሬስ ስንት መሰናክል ዘለለ?» ይለዋል ታክሲ ነጂው ደረሰ ባገኘው ቁጥር። «ባለፈው ስድስት ነበር፤ ይኼኔ ዐሥር ገብቷል!»

«ስምንት ነው። ሁልጊዜም ስምንት ነው» ይላል ሆርዶፋ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ልጁ ጊፍቲ አለማመኗ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። አባቷ የፈረሱን ነገር ሲጀምር ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች።

አሳምነው ሚኒያፖሊስ፣ ዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ውስጥ ሦስት ቅዳሜ ተቀምጦ፣ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ይታተም የነበረ አንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አገላበጠ። የውድድሩን ዜና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አገኘው። የመጨረሻው ዜና የጋላቢውን ስም ሆርዶፋ፣ የፈረሱን ጉራቻ ይላል። ከላይብረሪው ሳይወጣ ደወለ።

«ጋሼ፣ አገኘሁዎት! ስምዎ ጋዜጣው ላይ ቁጭ ብሏል።»

«እርካቡንስ ጽፈውታል?» አለ ሆርዶፋ ከወዲያ በኩል።

«እርካብ የለም። ስምዎ ግን አለ።»

«ስሜ ይበቃል። መምህር፣ ከመታተሙ በፊት አንድ ጊዜ ልየው? ለልጄ የማሳየው ነውና ስህተት እንዳይኖርበት።»

«ጊዜ የለም ጋሼ፤ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ደግሞ ጋዜጣውን ይዤ ምን ስህተት ይመጣል?»

እሑድ ከሥራ ሲመለስ የጋዜጣውን ቀኖች ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊመልስ ተቀመጠ። ውድድሩ ሲጀመር በኅዳር ነበር የሚካሄደው፤ ሰባት ቀነሰ። የሚቀጥለውም ኅዳር ነው፤ ሰባት። እንዲህ እያለ ወረደ። የኅዳር ሜዳ የክረምቱን ውሃ ገና ስላልጨረሰ ፈረሶች እያዳለጣቸው ሲሰበሩ፣ ውድድሩ ከጥምቀት በኋላ ወዳለው እሑድ ተዛውሯል። ይኼን አሳምነው ራሱ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አሳምሮ ጽፎታል። እጁ ግን ሰባት መቀነሱን አልተወም። ከስልሳ ቀጥሎ ስልሳ ሁለት መጣበት። ስልሳ አንድ የት ሄደ ብሎ ጋዜጣውን መልሶ እንደማየት፣ «በ1961 ዓ.ም. ባልታወቀ ምክንያት ውድድሩ ሳይካሄድ ቀርቷል» ብሎ ጻፈና አለፈው።

በበዓሉ ዕለት ሴንት ፖል የተከራዩት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሆርዶፋ አዲስ ሱፍ ለብሶ ጊፍቲን አስከትሎ መጣ። መጽሔቱን በር ላይ ተቀብሎ ሳይከፍተው በብብቱ ያዘው፤ ተረጋግቶ ተቀምጦ ሊከፍተው ነበር። ደረሰ ቀደመው።

«ስሙማ፣ ስሙማ!» ደረሰ ብድግ አለ። «‹1967 ዓ.ም.፣ አንደኛ ሆርዶፋ፣ ፈረስ ጉራቻ።› ስልሳ ሰባት! ኧረ ጋሽ ሆርዶፋ! በስልሳ ሰባት እኮ እኔ ዘማች ነበርኩ። ንጉሡ ወርደው፣ አገሩ ካኪ ለብሶ፣ ከዚያው ከጃን ሜዳ ነው የተሸኘነው። ፈረስ የሚባል አላየሁም!»

«ፈረሱም ዘምቶ ይሆናላ!» አለ አንዱ፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ።

«ስልሳ ስድስት ነው ያልኩት» አለ ሆርዶፋ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሃያ ዓመት ሙሉ ስልሳ ስድስት ነው ያልኩት። መምህር፣ ንገራቸው እንጂ።»

ሁሉም ወደ አሳምነው ዞረ። ሦስት ቅዳሜ የለፋበት ጽሑፍ ነው። በወጣበት ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እስቲ ልየው ማለት እንኳ ከበደው።

«እኔ እንግዲህ የጻፍኩት ጋዜጣው ያለውን ነው» አለ። «ሰው ዓመት ሊረሳ ይችላል ጋሼ። ብዙ ጊዜ ሆነው እኮ።»

ሆርዶፋ አየው። ጊፍቲ አማርኛውን ሁሉ ባትከታተልም ሳቁ ገብቷታል፤ የአባቷን እጅጌ ሳብ አድርጋ «ኢትስ ኦኬ ዳድ፣ ሌትስ ጎ» አለችው። እራት ሳይቀርብ ወጡ። መጽሔቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ከኤርፖርት የተሳፈረ አንድ መንገደኛ፣ እናንተ አገር ገና ሁለት ሺህ መግባቱ እውነት ነው ወይ ብሎ አሳምነውን ጠየቀው። አሳምነው ይኼን ጥያቄ ይወደዋል።

«እውነት ነው» አለ፣ ክፍል ውስጥ እንደቆመ ሁሉ። «አሁን የምንለያየው በሰባት ዓመት ነው። ከጃንዋሪ በኋላ ግን ስምንት—»

«ስምንት ምን?» አለ መንገደኛው።

አሳምነው የሆቴሉን መታጠፊያ አልፎት ሄደ። የመጨረሻው ጋዜጣ ጃንዋሪ ነበር፤ ጃንዋሪ 1974። ስምንት ሲቀነስ ስልሳ ስድስት። ዘጠኝ ዓመት ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው የኖረውን፣ ሰነፍ ተማሪ እንኳ የማይስተውን!

ማረሚያ አሳትሞ በቀሩት አርባ መጽሔቶች ላይ ለጠፈ፤ ሦስት መቶው ግን በየቤቱ ገብቷል። ለደረሰ ደውሎ ነገረው። ደረሰ ደነገጠ። «ውይ፣ እኔማ ለቀልድ ብዬ ነበር» አለ። ከዚያ አሳምነው ፓርኪንጉ ድረስ ሄዶ አንዱን ማረሚያ በመስኮቱ ለሆርዶፋ አቀበለው። ሆርዶፋ መነጽሩን አድርጎ አነበበና አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ላሳይዎት ይገባኝ ነበር።»

«ምንም አይደል መምህር።»

«ለጊፍቲ እኔው መጥቼ ላስረዳት።»

«ተዋት። ከዚህ በኋላ ስለ ፈረስ እንዳላወራ ቃል ገብቼላታለሁ።» ከኋላ አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋ። «መንገድ ዘጋህ» አለው ሆርዶፋ።

በጥር፣ ሜፕልዉድ ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ አሳምነውን፣ ደረሰን፣ ሆርዶፋንና ጊፍቲን እንደገና አንድ ጠረጴዛ ገጠማቸው። ከሙሽራው ወገን የሆነ፣ ከኢገን የመጣ ወጣት ወደ ሆርዶፋ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ጃን ሜዳ ፈረስ ይጋልቡ ነበር አሉ፣ እውነት ነው?» አለው።

ሆርዶፋ ሳይመልስ ደረሰ ቀደመ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚክስበት ሲፈልግ ነበር የከረመው። «ምን ይጠየቃል! በስልሳ ስድስት አንደኛ ነው የወጣው። መምህርም አርሞታል!»

«አይ» አለ ሆርዶፋ። «እኔ ጠባቂ ነበርኩ። ጋላቢዎቹ እስኪመጡ ፈረሶቹን ይዤ ነበር የምቆመው።»

ጊፍቲ ከስልኳ ቀና አለች። «ሪሊ?» አለችው። ከዚያ ምን ይበሉ እንደነበር ጠየቀችው። አባቷ ስለ ገብሱ ነገራት፤ ሰኮናቸው እንዴት እንደሚጸዳ፣ ከውድድር በፊት እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ ነገራት። ማዳመጫው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ደግፋ ሰማችው። አመነችው።

አሳምነው አንዱን ማረሚያ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ነበር። እጁን ሰደደ። ሆርዶፋ ከጠረጴዛው ማዶ አየውና «ተው» በሚል ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፤ አሳምነው እጁን ባዶውን አወጣ።

«ታዲያ ማን አሸነፈ?» አለች ጊፍቲ በእንግሊዝኛ።

«ስሙን ረሳሁት» አለ አባቷ። «ብዙ ጊዜ ሆነው።»