የተሰነጠቀው እንስራ ክርክር

አሰለፈች የቡልጋ ሰው ናት። በቡልጋ ጠላ ጠማቂ የብቅልና የጌሾውን ውሃ አፍልታ፣ እንስራ ውስጥ ገልብጣ፣ ከድናው ትተኛለች፤ ጠዋት ብርዱ ራሱ አቀዝቅዞ ይጠብቃታል። ጥንስሱን መጨመር ብቻ ነው የሚቀራት። አዳማ ግን ሌላ አገር ነው። እዚህ ተከድኖ ያደረው ውሃ ጠዋትም ለብ እንዳለ ነው፤ ጥንስሱ ሳይገባበት ይኮመጥጣል። ባሏ ባቡር ጣቢያ ሥራ አግኝቶ ካመጣት ወዲህ ስንቱን ደፍታዋለች።

በዚህ ወር ደግሞ የሚካኤል ማኅበር ተራ የእሷ ነው። ጠላ አታውቅም ከምባል ሞቴን እመርጣለሁ ትል ነበር፤ የምሯን ነው።

ጎረቤቷ ዙለይካ የወሎ ሰው ናት። ጠላ ደጇን አይረግጥም፣ ቅሪቦ ግን ትሸጣለች። ቅሪቦም የተቆላ ገብስ ተቀቅሎ የሚሠራ መጠጥ ነውና ማቀዝቀዝ የዕለት ጣጣዋ ነው። በአጥር በኩል ብቅ ብላ፣

«እርጥብ ጆንያ አልብሺውና ነፋስ ላይ አቁሚው። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ አርከፍክፊበት» አለቻት።

«አቧራ ይገባበታላ።»

«ክደኚዋ። ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳታስቀምጪው፤ ሸክላ ድንጋጤ አይችልም።»

ጠላ ከማትቀምስ ሴት የጠላ ምክር መቀበል ለአሰለፈች አልዋጥላት አለ። ጆንያ ሲያረጥቡ መዋሉም ሥራ ነው። ዙለይካ ዞር ስትል እንስራውን ከብት ማጠጫው ገንዳ ውስጥ አቆመች፤ ዙሪያውን የጉድጓድ ውሃ ሞላችና የፈላውን ገለበጠችበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእሷ የሚለቀምም አልተረፋት። እንስራው ለሁለት ተከፈለ፣ የፈላው ውሃ እግሯን ላጠው።

ሰው ጩኸቷን ሰምቶ ሲሰበሰብ፣ «ዙለይካ ናት ውሃ ውስጥ አስቀምጪው ያለችኝ» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ካለች በኋላ ካልከሰሰች ማን ያምናታል? ስለዚህ በማግሥቱ ሁለቱ እንደ ተሟጋች ወግ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወደ ጣቢያው መንገድ ወጡ። አሰለፈችም ባቡር የሚጠብቅ አንድ የበቅሎ ነጋዴ «በንጉሥ አምላክ ይዳኙን» ብላ አቆመችው። አብተው የሚባል የቢሾፍቱ ሰው ነው። ፊቱን አጨማደደ፣ ግን እንዲህ የተባለ ሰው እምቢ አይልምና ግራር ሥር ተቀመጠ፤ መንገደኛውም ከበባቸው።

ሁለቱንም ሰማ። ምስክር ጠየቀ፤ አልነበረም።

«እንግዲህ አሰለፈች፣ ይህች ሴት እንዲህ ብላ መክራኛለች በዪና በሚካኤል ማይ። ከማልሽ እንስራሽን ትተካለች።»

አሰለፈች ፈራች። ካልማለች በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም መባሏ ነው። ከማለች ደግሞ የሰሞኑን ጽዋ የምታነሳው በዚያው በመልአኩ ስም ነው። ከንፈሯን አርሳ «በሚካ…» ብላ ጀመረች።

ዙለይካ የተቋጠረውን ነጠላ ሳብ አደረገችው። «ይተዋት ጌታዬ። እኔ ነኝ የመከርኳት።»

አብተው እንስራ ትተካ ብሎ ፈረደ፤ ቋጠሮውን ፈታላቸውና በፍርዱ ረክቶ ወደ ባቡሩ ሄደ።

ሁለቱ ሴቶች ቤታቸው በአንድ መንገድ ነው። አሰለፈች እያነከሰች ብዙ ከሄደች በኋላ፣

«ለምን እንዲያ አልሽ?» አለች።

«በአጥር የምንተያይ ሰዎች ነን። በመልአክሽ በሐሰት ከማልሽ፣ ከእንግዲህ የምትነግሪኝን ምን ብዬ አምናለሁ?»

ቤት ሲደርሱ ዙለይካ የቅሪቦ እንስራዋን አውጥታ ሰጠቻት። አሰለፈችም እንስራውን እርጥብ ጆንያ አልብሳ ነፋስ ላይ አቆመችው፤ ውሃ ስታርከፈክፍበት ዋለች። ጠላው የተዋጣለት ሆነ።

በሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው እየጠጣ አመሰገነ። የማኅበሩ ታላቅ ወይዘሮ ሙሉብርሃን ዋንጫቸውን እንደያዙ፣

«በዚህ ጊዜ ያችን መካሪሽን ባለመስማትሽ ደግ አደረግሽ» አሉ።

አሰለፈች ገንቦውን መሬት አስቀመጠች።

«ይህን ስጠምቅ ነው የሰማኋት፣ እትዬ። የዚያን ቀን ውሃ ውስጥ አታስቀምጪው ነበር ያለችኝ። በሐሰት ነው ያስፈረድኩባት።»

ወይዘሮ ሙሉብርሃን ዋንጫቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት።