ምላስ የሚያደርቅ ኮላ

ሥራ አስኪያጁ የዛፍ ቅርፊትን ቆሻሻ ይለዋል። በአፍ ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶበት ነው። በቅርፊት ኮላ ያጣበቅኩት ኮምፔንሳቶ ያን ዕለት ከሰዓት ከተላቀቀ፣ የጣውላ ፋብሪካው ቅርፊት በሙሉ ወደ ቦይለሩ እሳት ሊገባ፣ መቀቀያ ጋኑም ሊነቀል ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ስድስት ዓመት ኮላ ሲቀቅል የቆመበት ጋን! ማሰብ የሚታክተው ሰው ያገኘውን ሁሉ ማገዶ ያደርጋል።

ግን እኔስ? ሦስት ጊዜ ቀቅዬ ሦስቴም ተላቅቆብኛል።

"መለኪያሽ ምን ይላል?" አለኝ የቦይለሩ ሠራተኛ፣ የአባቴ ባልንጀራ።

"ደርሷል ይላል፣ ጋሼ።"

"አባትሽስ ምን ይል ነበር?"

"አባባማ ይቀምስ ነበር።"

"አንቺ ደግሞ ኬሚስት ሆነሽ መጣሽና 'ሾርባ መሰለህ እንዴ?' አልሽው። ሳምንት ሙሉ አላስቀመጠንም እኮ! 'ልጄ ተቆጣችኝ' እያለ፣ ጥርሱን መክደን አቅቶት።"

ማንኪያ ነክሬ ቀመስኩ።

ጣፈጠኝ። በገዛ ራሴ ላይ ደሜ ፈላ። መለኪያዬ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ፣ ስኳሩንም ጭምር ይቆጥራል፤ የሚያጣብቀው ግን ምላስ የሚያደርቀው ነገር ነው። ለእጄ የቀረበውን፣ ስኳር የበዛበትን የቀጫጭን ግንድ ልጣጭ ነበር ስቀቅል የከረምኩት።

"ከትልልቁ ግንድ ያምጡልኝ፣ ጋሼ። ወፍራሙን።"

"እስኪ አሁን የሰውየው ልጅ መሰልሽ!"

ምላሴ እንጨት እስኪሆን፣ ጉንጬ ወደ ውስጥ እስኪሰበሰብ እየቀመስኩ ቀቀልኩ። አባባ እንዲህ ፊቱን አጨማዶ ወደ እኔ ሲዞር ትዝ አለኝ። ያኔ ማንኪያውን ዘርግቶልኝ ነበር። አልተቀበልኩትም።

አጥልዬ፣ ማጠንከሪያ ጨምሬ፣ ስስ ሳንቃዎቹን ቀብቼ ትኩሱ መጭመቂያ ውስጥ አስገባኋቸው።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ መሮ በንብርብሩ መካከል ሰክቶ ጠመዘዘ። ፊቱ ቀላ። እንጨቱ ራሱ ተሰነጠቀ፤ ኮላው ንቅንቅ አላለም።

"ጋኑ ይቆይ" አለ በመጨረሻ፣ ወደ እኔ ሳያይ። "አሠራሩን ግን በጽሑፍ አቅርቢ።"

"ይቀመሳል ብዬ ነው የምጽፈው።"

"ማን ነው የሚቀምሰው?"

"እኔ።"

የቦይለሩ ሠራተኛ ብርጭቆ ውሃ አመጣልኝ። "ጠጪ እንጂ፣ አፍሽ ደርቆ የለም?"

ተቀብዬ ጋኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። የአባባ ጣዕም እስኪለቀኝ ድረስ አልጠጣም።