የሦስት ሊቃውንት ማኅተም

ደግሞ እኮ መጽሐፉን ሳይታተም በደንብ ነው ያነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ፣ ቀይ ቀለም ይዤ፣ የመቅድሙን አካሄድ አቃንቼ፣ በንጉሡ ሠ የሚጻፈውን በእሳቱ ሰ ጽፎት ተቆጥቼ፣ አለማየሁ ቅኔ ቤት ሳለንም እንዲህ ችኩል ነበር ብዬ ብቻዬን ስቄ። ያ ሳቄ አሁን ያስጠላኛል። ሁንዴ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ እኔ ለቅሶው ዳስ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ የአለማየሁ የመድኃኒት መጽሐፍ ጉልበቴ ላይ ነው፣ የሁንዴ ሚስት ዲንቄ ፊቴ ቆማ ትጠብቃለች። መሪጌታ፣ የንዳዱን ቦታ ያንብቡልኝ፣ ስንት አጠጡ ነው የሚለው?

ሳልገልጠው አውቀዋለሁ። የእንዶድ ሥር ተወቅጦ፣ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ አንድ ዋንጫ። የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ነበር ያነበበላት፣ እሱ ወደ ድሬዳዋ ሄዷል፣ እሷ ለክታ ንዳድ የያዘውን ሁንዴን አጠጣችው፣ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ሞተ። አማቷ ቡዜ አብዝተሽ አጠጥተሽው ነው፣ ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ ብላ ከቀብር ወዲህ ጀርባዋን ሰጥታታለች፣ ዲንቄም አምናለች። ዋንጫዬ ትልቅ ይሆን መሪጌታ?

አንድ ማንኪያ ይላል ብላትስ? ፊደል አትቆጥርም፣ ቡዜም አትቆጥርም፣ ማን ያውቃል፣ አለማየሁ በሊቅነቱ፣ እኔ በመርማሪነቴ እንኖራለን፣ እሷ ባል ገዳይ ሆና ትቀራለች። እግዚኦ። ይህን ያሰበው የእኔ ልብ ነው?

ማተሚያ ቤቱ ሦስት ሊቃውንት መርምረው ካላተሙበት አያትምም፣ ጥሩ ሥርዓት ነው እል ነበር፣ ግን ሦስታችን የማን ተማሪዎች ነን፣ የአንድ መምህር፣ አንድ ጉባኤ፣ አንድ ላይ ቁራሽ ለምነን የበላን፣ አንዳችን የማናውቀውን ሌላችንም አናውቀውም። የፊተኛው ማኅተም ታትሞበት ነው የደረሰኝ፣ መድኃኒቱን እሱ አይቶታል ብዬ እኔ ፊደሉን አየሁ፣ ሦስተኛው የሁለታችንን አይቶ አተመ። እንዶድ? ፍሬውን ለልብስ ማጠቢያ እናውቀዋለን፣ ሥሩን የነቀለ እጅ በመካከላችን የለም።

ሳፊያ እዚሁ አዳማ ገበያ ሥራሥር ትሸጣለች፣ ስንት ዓመት በፊቷ አልፌያለሁ፣ ትናንት ገና ሄጄ ጠየቅኳት። ይህን በዋንጫ? የጥፍር ያህል ነው እንጂ ጌታው፣ ምነው ቀድማችሁ ብትጠይቁን። ማን ይጠይቃት፣ የገበያ ሴት፣ ማኅተም የላት። አፈርኩ፣ እስካሁንም እያፈርኩ ነው።

መሪጌታ፣ ዐይንዎ ደክሞ ነው? እገልጣለሁ። አንድ ዋንጫ ይላል፣ ዲንቄ። ሙሉ? ሙሉ። እንዳለው ነው ያደረግሽው፣ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው፣ መርምሬ ደህና ነው ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ይኸው ከታች ስሜ አለ፣ መሪጌታ ኃይለየሱስ። ጣቷን ስሜ ላይ ታሳርፋለች፣ ታነሳለች። እኔ አይደለሁማ? አይደለሽም። እኔ አይደለሁም? አይደለሽም ልጄ።

አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ፣ ትጩኽብኝ፣ ትርገመኝ፣ ይገባኛል። አትረግመኝም። ወደ ጓዳው ዞራ አማቷን ትጣራለች፣ አዴ ቡዜ፣ አዴ፣ አና ሚቲ፣ እኔ አይደለሁም፣ ይምጡና ይስሙ ትላለች፣ አሮጊቷ በዱላዋ እየተደገፈች ትወጣለች፣ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ዲንቄ አጠገቤ ትቀመጣለች። ይድገሙት መሪጌታ፣ ለእሳቸውም፣ ጮክ ብለው። ስምዎንም እንዳይዘሉት።